የአስተርእዮ ማግስት፦ ወደ አርባ ምንጭ ከመነሳት በፊት የነበረችው ዓርብ

ጉዳዩ የሆነው ደብረ ማርቆስ ላይ ነው፤ ዓርብ፣ ጥር 22 ቀን 2007 ዓ.ም.። አራት ጓደኛሞች በማግስቱ በአንድ መኪና ወደ አርባ ምንጭ ሊነሱ ነው። አንዱ ሥራ አግኝቶ እዚያው ይቀራል። ሦስቱ አድርሰውት ይመለሳሉ። እኔ ከተጓዦቹ አልነበርኩም። አብሮ አደጋቸው ስለሆንኩ ግን ያን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ አብሬያቸው ዋልኩ።

ስለ ጉዞው ሳይሆን ስለ ዋዜማው የምጽፈው በምክንያት ነው። ከማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚህ ውስጥ ከባዱ ክፍል የሚመጣው ገና በጠዋቱ ነው። ሉማሜንና የትኖራን አልፈህ ደጀን ስትደርስ መንገዱ ወደ አባይ በረሃ ይወርዳል። ከደጀን እስከ ጎሃ ጽዮን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግማሹ ቁልቁለት፣ ግማሹ ዳገት። ቁልቁለቱ ብቻውን ከ1,000 ሜትር በላይ ያወርዳል። ሾፌሩ ሌሊቱን እንዴት እንዳደረ የሚታወቀው እዚያ ላይ ነው።

አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር። ከረጅም መንገድ በፊት ያለችው ቀን ከማንም በፊት የሾፌሩ ናት። ዘመዱም፣ ስንቁም፣ ስንብቱም ከእሱ ቀጥሎ ይመጣል። ይህን ማለት ቀላል ነው። ጎጃም ውስጥ፣ በጥር ወር፣ ልጇን የምትሸኝ እናት ባለችበት ቤት ይህን ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው።

ሰዎቹ

የሚሸኘው ልጅ የውኃ ምሕንድስና የተማረ ነው። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በመምህርነት ተቀጥሯል። ሰኞ ጠዋት ቀርቦ ሪፖርት ማድረግ አለበት። ዩኒቨርሲቲው መጀመሪያ የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተቋቋመ ስለሆነ ለሙያው ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም። እናቱ ግን አልተዋጠላቸውም። ግሽ አባይ ያለበትን አገር ትቶ ወደ አባያና ጫሞ መሄዱን ሲሰሙ «ውኃ እዚህ ጠፍቶ ነው?» ይሉ ነበር።

ሁለተኛው ባለመኪናው ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ ዕድሜ የጠገበች ኮሮላ አለችው። ከአራቱ መንጃ ፈቃድ ያለው እሱ ብቻ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው እዚህ ላይ ነው። ሦስተኛዋ ነርስ ናት፤ ድንገተኛ ክፍል ትሠራለች። አራተኛው ጨርቅ ነጋዴ ነው። ከማርቆስ መርካቶ ሲመላለስ የኖረ ነውና መንገዱን ያውቀዋል፤ ሁልጊዜም ግን በአውቶቡስ ወይም በአይሱዙ ጋቢና ነው።

ለምን ሁሉም ነገር ለዓርብ ቀረ

ጥር እኛ ዘንድ የሠርግ ወር ነው። ያን ዓመት ደግሞ የነነዌ ጾም ሰኞ ጥር 25 ስለሚገባ ሠርጉ ሁሉ ከዚያ በፊት ተደራርቦ ነበር። ባለመኪናው ከጥምቀት በኋላ ያለውን ሳምንት በሚዜነት አሳለፈው። ሐሙስ ጥር 21 አስተርእዮ ማርያም ሆነ። በዚያ ቀን ማርቆስ ውስጥ ቁልፍና ካቻቢቴ የሚያነሳ መካኒክ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ስለዚህ ጋራዡም፣ ጎሚስታውም፣ ገበያውም፣ ስንብቱም ዓርብ ላይ ወደቀ።

ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የነበረው ዕቅድ ይህ ነበር። መኪናዋ ለአንድ ሰዓት ጋራዥ ትታያለች። ልጁ ከነበረበት መሥሪያ ቤት ክሊራንሱን ይጨርሳል። ከምሳ በኋላ አራቱም አብረው ዘመድ ይሰናበታሉ። ማታ ነጋዴው ቤት ይሰበሰባሉ። ዓርብ ጾም ነውና እኩለ ሌሊት እስኪያልፍ ይጫወታሉ፤ ከዚያ ዶሮው ይበላል። ሳይተኙ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ይነሳሉ። ቅዳሜን ሆሳዕና አድረው እሑድ በጊዜ አርባ ምንጭ ይገባሉ።

ዕቅዱን ያወጣው ነጋዴው ነበር። ከልቡ ነበር ያወጣው። «ከዚህ በኋላ አራታችን መቼ አንድ ላይ እንቀመጣለን?» አለ። ለዚህ ጥያቄ ማንም መልስ አልነበረውም። ከልጅነታቸው ጀምሮ አንድ ሰፈር ያደጉ፣ አንድ ትምህርት ቤት የተማሩ ናቸው። አንዱ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ሊኖር ነው። አንድ ሌሊት ቁጭ ብሎ ማንጋት በዛ?

ጋራዡ

ክሊራንሱ ቶሎ አላለቀም። መፈረም የነበረበት ኃላፊ ሠርግ ሄዶ ኖሮ ልጁ እስከ 5 ሰዓት ተኩል በር ላይ ቆሞ ጠበቀ። በመጨረሻ ሌላ ሰው ወክሎ ፈረመለት። ይህን እዚህ ላይ ልተወው፤ ክሊራንስ የጨረሰ ሁሉ ያውቀዋል።

ቁም ነገሩ የተገኘው ጋራዡ ውስጥ ነው። መካኒኩ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ጋሼ የሚላቸው፣ ረጋ ያሉ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ናቸው። መኪናዋን በክሪክ አነሱ። የፊት ጎማውን ፈቱ። ከዚያ ባለመኪናውን በእጃቸው ጠሩት።

«ና እስቲ፣ እየው።»

የፍሬኑ ሸራ አልቋል። አዲስ ሲሆን 10 ሚሊ ሜትር ያህል የሚወፍረው ነገር 2 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ቀርቶታል።

«በዚህ ነው አባይን ልትወርድ ያሰብከው?»

«ጋሼ፣ ከተማ ውስጥ እኮ ደህና ይይዝልኛል።»

«ማርቆስ አደባባይ መያዝና አባይ በረሃ መያዝ አንድ አይደለም፣ ልጄ።»

ከዚያም የፍሬን ዘይቱን ከፍተው አሳዩት። ጠቁሯል። መቼ እንደተቀየረ ባለመኪናው አያስታውስም። ጋሼ ነገሩን ሲያስረዱ ሥራቸውን ትተው ቀጥ ብለው ቆሙ። የፍሬን ዘይት ሲቆይ ከአየር እርጥበት ይስባል። እርጥበት የሳበ ዘይት ቶሎ ይፈላል። ቁጥሩን ለሚፈልግ፣ ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን የሚፈላው ከ205 ዲግሪ በላይ ነው፤ እርጥበት ሲገባው ወደ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። በረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሳይለቅ እየረገጠ የሚወርድ ሰው ሸራውንም ዲስኩንም ያግላል። ሙቀቱ ወደ ዘይቱ ይሄዳል። ዘይቱ ሲፈላ በውስጡ እንፋሎት ይፈጠራል። ያኔ ፔዳሉን ስትረግጠው ጥልቅ ብሎ ይገባል፤ መኪናዋ ግን አትያዝም። «ፍሬን በጠሰ» ከሚባለው ውስጥ ብዙው የተበጠሰ ነገር የሌለበት ነው አሉ ጋሼ። የፈላ ነው።

ይህ የሆነው 4 ሰዓት አካባቢ ነው። ከዚያች ደቂቃ በኋላ የጠዋቱ ዕቅድ ፈረሰ። የአንድ ሰዓት ሥራ የቀን ሙሉ ሥራ ሆነ። ሸራው ይቀየራል። ዘይቱ ተጠርጎ ወጥቶ አዲስ ይሞላል። ስኮርታው ሲነካ ነፋስ የለውም፤ ለጎሚስታ ይላካል። ከጎሃ ጽዮን በኩል ያለው ዳገት ሞተር ስለሚያግል ራዲያተሩም መታየት አለበት።

ለዚያች ዓመተ ምሕረት ኮሮላ የሚሆን ሸራ ፍለጋ የወጣችው ነርሷ ናት። አሮጌውን ሸራ በጋዜጣ ጠቅልላ ይዛ ሄደች። ይህን ትንሽ ነገር የምጠቅሰው ስለሚጠቅም ነው። የመኪናውን ስም ብቻ ይዞ መለዋወጫ የሚገዛ ሰው ሁለት ጊዜ ይመላለሳል፤ አሮጌውን ይዞ የሄደ ግን እዚያው አጋጥሞ አይቶ ይገዛል። ሁለት ሱቅ የለም አሏት። መናኸሪያው አካባቢ አገኘችው። በባጃጅ ስትመለስ 8 ሰዓት ሆኗል።

ቡናው ወደ ጋራዡ መጣ

እስከዚያ ድረስ ባለመኪናው ከጋራዡ መነቃነቅ አልቻለም። ልጁ ክሊራንሱን ይዞ እዚያው መጣ። ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ መጣ። የአብሮ አደጉ ወሬ በሰፈሩ ተሰማና ሌሎችም መጡ። ስንብቱ ቤት ውስጥ መሆኑ ቀርቶ አሮጌ ጎማ ላይ በተቀመጡ ሰዎች መካከል ሆነ።

የልጁ እናት ይህን ሲሰሙ ተቆጡ። ልጃቸው በመጨረሻ ቀኑ ግሪስ መካከል ቁጭ ብሎ እንዲውል አልፈለጉም። ቁጣቸው ግን ሌላ መልክ ያዘ። ታናሽ እህቱን ረከቦትና ጀበና አስይዘው ላኳት። ከሰል፣ ቄጠማ፣ የገብስ ቆሎ፣ ሁሉም በባጃጅ መጣ። ቄጠማው ዘይት በጠጣ መሬት ላይ ተጎዘጎዘ። የከሰሉ ማንደጃ ከቤንዚኑ ራቅ ብሎ እንዲቀመጥ ጋሼ ራሳቸው ቦታ መረጡ።

ከዚያ ቀን ሁሉ የማልረሳው ይህን ሰዓት ነው። መካኒኩ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ መጥተው አቦሉን ቀመሱ። «የሄደውን በሰላም ያድርስልን፣ የቀረነውን በሰላም ይጠብቀን» ብለው መረቁ። ሁሉም አሜን አለ። ረዳታቸው ወጣቱ ልጅ ደግሞ መኪናዋ ሥር ሆኖ ዘይቱን እያስወጣ ነበር፤ አሜን ያለው ከዚያው ነው። ሰው ጓደኛውን እንዲህም ሊሸኝ ይችላል። ቤት ቢሆን ኖሮ ዶሮና ጠላ ይኖር ይሆናል። እዚህ ግን ሁሉም ሰው መኪናዋን ያያታል። ሸራው ለምን እንደተቀየረ፣ ዘይቱ ለምን እንደጠቆረ፣ ነገ የሚወረደው ምን እንደሆነ ሁሉም እኩል ሰማ። ለሚቀጥለው ክርክር ይህ ነገር በጣም ጠቅሟል ብዬ አምናለሁ።

ክርክሩ

ቶና ላይ ሲደረስ ባለመኪናው ተናገረ። ሲኒውን አስቀምጦ፣ ድምፁን ሳያነሳ ነው የተናገረው።

«እኔ ዛሬ ሌሊት አላነጋም። በ10 ሰዓትም አልነሳም። ተኝቼ ጠዋት ነው የምንነሳው።»

ነጋዴው ደነገጠ። ዶሮው ተገዝቷል። ሰው ተጠርቷል። ምክንያትም ነበረው፤ ሌሊት መንገዱ ጭር ይላል፣ ከባድ መኪና ሳይበዛ አባይን መሻገር ይቻላል፣ ቅዳሜ ሆሳዕና ከተደረሰ እሑድ ይቀላል። ይህ የቂል ሐሳብ አይደለም። በአባይ በረሃ ከተጫነ ተሳቢ ጀርባ እየተንፏቀቀ የወጣ ሰው የሚለውን ይረዳል።

መልስ የሰጠችው ነርሷ ናት።

«ድንገተኛ ክፍል የማድረው እኔ ነኝ፣ ወንድሜ። ሌሊት 9 እና 10 ሰዓት ላይ በአምቡላንስ የሚመጣውን አውቃለሁ። ብዙው የሰከረ አይደለም። እንቅልፍ የጣለው ነው።»

ሐቁ ከእሷ ጋር ነው። ለ17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው ቅልጥፍናው በደሙ ውስጥ 0.05 ከመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚመጣጠን በጥናት ታይቷል። ባለመኪናው ያን ቀን የተነሳው ጠዋት 12 ሰዓት ነው። እንደ ዕቅዱ ቢሆን መሪ የሚጨብጠው ከ22 ሰዓት በኋላ ነው። ደጀን የሚደርሰው ደግሞ ገና ሳይነጋ፣ ሰውነት ለእንቅልፍ በጣም በሚደክምበት ሰዓት ነው። አንዲት ጠብታ ሳይቀምስ እንደጠጣ ሰው ሆኖ ይወርዳል ማለት ነው።

ጋሼ ደግሞ የራሳቸውን ጨመሩ። በረሃው ውስጥ መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ የተሰነጠቀበትና የሞገደበት ቦታ አለ፤ ይህን በቀን ታየዋለህ፣ በሌሊት ትገባበታለህ። የተበላሸ ከባድ መኪና መንገድ ላይ ቆሞ ከኋላው ድንጋይና ቅጠል ብቻ ተደርጎለት ያድራል። ከሁሉም በላይ አዲስ ሸራ እስኪላመድ ድረስ ሙሉ በሙሉ አይዝም። ዛሬ ማታ ሜዳ ላይ መለማመድ አለበት እንጂ ቁልቁለት ላይ አይፈተንም።

ነጋዴው ዝም አለ። ከዚያ ወረቀት አወጣ። ይህ ሰው ሲሸነፍ አኩርፎ የሚቀመጥ አይደለም፤ ሒሳብ ይጀምራል። ጠዋት 1 ሰዓት ከተነሱ በዝግታም ቢሄዱ ከሰዓት በኋላ አዲስ አበባ ይገባሉ። እዚያ ያድራሉ። እሑድ በጠዋት በቡታጅራ፣ በሆሳዕናና በሶዶ አድርገው 450 ኪሎ ሜትር ያህል ይነዳሉ። ሰኞ ጠዋት ልጁ ሥራው ላይ ነው። ሆሳዕና ለማደር ሲባል ብቻ ነበር ሌሊቱ የተሰዋው።

«ዶሮውስ?» አለ አንዱ።

«ዶሮው ቁርስ ይሆናል» አለች ነርሷ። «ቅዳሜ ፍስክ ነው። 12 ሰዓት ላይ ሁላችሁም ኑ።»

እንዲህ ተወሰነ። ክርክሩ በረካው ሳይጠጣ አልቋል።

ውሳኔው የጸናው በሁሉም ፊት ጮክ ተብሎ ስለተነገረ ይመስለኛል። ባለመኪናው ለነጋዴው ብቻ በጆሮው ቢነግረው ኖሮ ማታ አሥር ሰው «ተው እንጂ፣ አንድ ሌሊት ነው» ይለው ነበር። እሱም ሰው ነው፣ ይሸነፋል። አሁን ግን ቡናውን የጠጣው ሁሉ ምስክር ሆነ። ማታ እንዳያስቸግሩት እርስ በርሳቸው ይጠባበቁ ጀመር።

ጤፉ

ሁለተኛው ጉዳይ ከፍሬኑ ጋር የተያያዘ ነው። እናት ያዘጋጁት ስንቅ በረንዳው ላይ ተደርድሮ ነበር። ድርቆሽ፣ በሶ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ የተነጠረ ቅቤ በፕላስቲክ ዕቃ፣ ማር በጀሪካን። ይህ ይሁን። ከአጠገቡ ግን ግማሽ ኩንታል ነጭ ጤፍ ቆሟል። ከጎኑ ደግሞ የልጁ መጻሕፍት በሁለት ካርቶን።

አራት ሰው፣ 50 ኪሎ ጤፍ፣ ሁለት ካርቶን መጽሐፍ፣ ሻንጣ። አሮጌ ኮሮላ ይህን ሁሉ ተሸክማ አባይን ስትወርድ የሚይዛት ፍሬን ነው። ክብደት በጨመረ ቁጥር የሚግለውም ያው ነው።

ይህን ለእናት ማን ይንገራቸው? ልጁ ሞክሮ ነበር፣ አልሆነም። እናት ልጇን ባዶ እጁን ወደ ሰው አገር አትሰድም። አርባ ምንጭ ጤፍ አይጠፋም ማለትም አያዋጣም፤ የጎጃም ጤፍ አይደለማ። በመጨረሻ ነጋዴው ሄደ። አጠገባቸው ተቀመጠ።

«እማማ፣ ጤፉ ይሄዳል። ከእኛ ጋር ግን አይሄድም።»

«ታዲያ ከማን ጋር ይሄዳል?»

«ማታ የሚጫን አይሱዙ አለ፣ ሾፌሩን አውቀዋለሁ። መርካቶ ደንበኛዬ ሱቅ ያደርሰዋል። ከዚያ በአርባ ምንጭ አውቶቡስ እጭነዋለሁ። እኔ ነኝ ኃላፊው።»

«ቢጠፋስ?»

«ከጠፋ ከእኔ ኩንታል ይቀበላሉ።»

እናት ሳቁ። ጤፉም መጽሐፉም በአይሱዙ ሄደ። ሌሊቱን በማንጋት የጀመረው ነጋዴ ከቀኑ ትልቁን ሸክም ያወረደው እሱ ሆነ። ለዚህ ነው ሐሳቡ ስላልተሳካለት ብቻ እንደ ተሸናፊ እንዲታይ የማልፈልገው።

ነርሷ በበኩሏ አጎበር ገዝታ ሻንጣው ውስጥ ከተተች። ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ነው፤ አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር እንኳ አይሞላም። ደገኛ ሰው ወባን የሚያስታውሰው ከታመመ በኋላ ነው። ትኩሳት ከተሰማው በዚያው ቀን እንዲመረመር አስጠነቀቀችው።

ስንብቱ

ሊሰናበቱ ያሰቡት ዘመድ ብዙ ነበር። ጊዜው ግን አልቋል። እዚህ ላይ ሥራ ተከፋፈሉ። ባለመኪናው ከስንብት ሙሉ በሙሉ ተፈታ። ልጁን ይዞ የሚዞረው ነጋዴው ሆነ። በየቤቱ በር ላይ «ቁጭ አንልም» የሚለውም እሱ ነው። ይህ ሚና ቀላል አይደለም። የሚሸኘው ልጅ ራሱ «አልቀመጥም» ቢል ነውር ነው። ሌላ ሰው ሲልለት ግን ዘመዱ በሌላው ላይ ተቆጥቶ ልጁን መርቆ ይሰዳል። «እህል ቅመሱ እንጂ»፣ «አንዲት መለኪያ»፣ «ምነው ልጄን አሳደድከው» ሲባል ነጋዴው ሁሉንም በትከሻው ተሸከመ።

አንድ ቤት ቀረ። የልጁ አክስት ከከተማው ወጣ ብለው ይኖራሉ። መሽቶ ስለነበር አልተሄደም። ስልክ ተደወለላቸው። አነሱ፣ ሰሙ፣ ደህና ሂድ አሉ፣ ዘጉት። ድምፃቸው ቀዝቅዟል። ልጁ በዚህ ተከፋ፤ ትክክልም ነው። ከዚያ ቀን ውሳኔዎች ሁሉ ዋጋ የተከፈለበት ይህ ነው፤ ተድበስብሶ እንዲያልፍ አልፈልግም።

ከስንብቱ በፊት፣ 11 ሰዓት ላይ ሥራው አልቆ መኪናዋ ወጥታ ነበር። ጋሼ እንዳሉት አዲሱን ሸራ ለማላመድ ባለመኪናው በባሕር ዳር መውጫ በኩል ይዟት ሄደ። ልጁም አብሮት ገባ። ሜዳ ላይ ፍጥነት እየሰጠ፣ ቀስ አድርጎ እየያዘ፣ ሳይቆም እየለቀቀ፣ እንዲቀዘቅዝ እየጠበቀ ደጋገመው። ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀ። ሁለቱ ብቻቸውን የተጫወቱት ያኔ ነው። ምን እንደተባባሉ አልጠየቅኩም።

ማታ 3 ሰዓት ላይ ባለመኪናው ተኛ። ስልኩን እናቱ ወሰዱት። ሊሰናበት የመጣውን ጎረቤት ሁሉ በር ላይ ተቀብለው «ተኝቷል፣ ነገ አባይን ይወርዳል» እያሉ መለሱ። አንድም ሰው ቅር አላለውም። እኛ አገር «አባይን ይወርዳል» ማለት በቂ ምክንያት ነው።

ቅዳሜ

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ነጋዴው ቤት ሞላ። ዶሮው ቀረበ። ባለመኪናው ጥቂት ጎርሶ ተነሳ፤ ሌሎቹ ጠገቡ። እናት ከመኪናዋ መስኮት አልለቅ አሉ። «መንገዱን ጨርቅ ያድርግላችሁ፣ ክፉ አይይባችሁ» እያሉ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ዞሩ። 1 ሰዓት ከ20 ላይ ወጡ።

ደጀን ላይ ቆመው ጎማውን ዞረው አዩ፣ ሽታ እንዳለ አሸተቱ። ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ ወረዱት። ደንቡ የታወቀ ነው፤ ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ፣ መኪናዋን ሞተሩ ይያዛት፣ ፍሬን ረገጥ አድርገህ ልቀቅ እንጂ ተጭነህ አትቆይ። ከኋላቸው ጡሩምባ የሚነፋ ሚኒባስ ሲመጣ ባለመኪናው ዳር ይዞ አሳለፈው። በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተውን የህዳሴ ድልድይ ተሻገሩ። ዳገቱ ላይ የሞተሩ ሙቀት ትንሽ ከፍ ሲል ቆመው አበረዱ። ጎሃ ጽዮን ደርሰው ደወሉልኝ። መጀመሪያ ያወራኝ ነጋዴው ነው፤ «አስፋልቱ ተሰንጥቆ የነበረበትን ቦታ አየሁት፣ በሌሊት ቢሆን አናየውም ነበር» አለኝ።

በሙከጡሪና በሱሉልታ አድርገው ከሰዓት በኋላ አዲስ አበባ ገቡ። እሑድ ማታ ሳይጨልም አርባ ምንጭ ደረሱ። ሰኞ ጠዋት ልጁ ሪፖርት አደረገ። ጤፉ በሚቀጥለው ሳምንት ደረሰው።

ነጋዴው ዛሬም ስለዚያች ሌሊት ሲነሳ ይከራከራል። በሌሊት አለመነዳቱ ትክክል እንደነበር ይስማማል። ግን መነሳቱ በአንድ ቀን ተገፍቶ ሌሊቱ ለእነሱ ቢቀር ይሻል ነበር ይላል። የሰኞው ቀጠሮ ባይኖር እኔም እስማማ ነበር። መኪናዋ ከጥምቀት በፊት ጋራዥ ታይታ ቢሆን ደግሞ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነፃ ይሆን ነበር፤ አክስቲቱም ቤት ይኬድ ነበር። ባለመኪናው ይህን ያምናል። አሁን ረጅም መንገድ ካሰበ ሸራውን የሚያሳየው ከሁለት ሳምንት በፊት ነው።

አክስቲቱ እስከ ፋሲካ አኩርፈው ቆዩ። ልጁ ለበዓል ሲመጣ ከአውቶቡስ ወርዶ እናቱ ቤት ሳይገባ መጀመሪያ እሳቸው ዘንድ ሄደ። ተቆጡት፣ መገቡት፣ አሳደሩት። በማግስቱ እናቱ ደግሞ በተራቸው ተቆጡ።